ርገጥ፣ አስገባ፣ ልቀቅ፤ የከባድ መኪና አሽከርካሪዎች የፍሪሲዮንና የማርሽ ሥልጠና በሥነ ትምህርት ዐይን ሲመዘን

መግቢያ

በምዕራብ ጎጃም የሚመረተው በቆሎ፣ ስንዴና በርበሬ ከገበሬው ጎተራ ወጥቶ ወደ መሐል አገር የሚደርሰው፣ ማዳበሪያውም ከወደብ ተነሥቶ ክረምት ሳይገባ በየወረዳው መጋዘን የሚራገፈው በጭነት መኪና ነው። በዚህ ረገድ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ የመተላለፊያ ከተሞች ናቸው። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ሁለቱንም ያቋርጣል፤ ከቡሬም አንድ መንገድ ተገንጥሎ ዓባይን በመሻገር ወደ ነቀምቴ ያመራል። በ2013 ዓ.ም. የቡሬ የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከተመረቀ ወዲህ ደግሞ የከባድ መኪና አሽከርካሪነት ለአካባቢው ወጣት ይበልጥ የሚታይ የሥራ መስክ ሆኗል።

ይሁን እንጂ የአሽከርካሪ ሥልጠና በትምህርት ጥናት መድረክ ላይ እምብዛም አይነሣም። የመንገድና የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቶች ጉዳይ ነው ተብሎ ይታለፋል። አሽከርካሪን ማሠልጠን ግን ማስተማር ነው፤ ማስተማር ከሆነም ዓላማው፣ ቅደም ተከተሉ፣ መሣሪያውና ምዘናው እንደ ማናቸውም የሥርዓተ ትምህርት ዘርፍ ሊመረመር ይገባዋል። ይህ ጽሑፍ ከሰፊው ጉዳይ አንዱን ጠባብ ክፍል፣ ማለትም የፍሪሲዮን አረጋገጥና የማርሽ አለዋወጥ ትምህርትን ይመረምራል። የሚያቀርበውም ሂስ በአጭሩ የሚከተለው ነው። በብዙ ቦታ የተለመደው አሠለጣጠን ለእግርና ለእጅ የእንቅስቃሴ ቅደም ተከተል ያስይዛል፤ ለአእምሮ ግን ምክንያቱን አይሰጥም። ከዚህም በላይ ትምህርቱ ያለ ጭነትና ያለ ዳገት ቁልቁለት ስለሚሰጥ፣ ዕውቀቱ እጅግ በሚያስፈልግበት ቦታ ላይ ከሠልጣኙ ጋር አይገኝም።

1. የሙያው ባሕርይ

አንድን አሠለጣጠን ከመተቸት በፊት የሚሠለጠንበትን ነገር ባሕርይ ማወቅ ያስፈልጋል። ፍሪሲዮን በሞተሩና በካምቢዮው መካከል የሚገኝ ማያያዣ ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ ከሞተሩ ጋር የሚሽከረከረው ቮላኖና የፍሪሲዮኑ ሸራ ይለያያሉ፤ የሞተሩም ኃይል ወደ ጎማ መድረሱን ያቋርጣል። ፔዳሉ ቀስ በቀስ ሲለቀቅ ሸራው እየተንሸራተተ ይይዛል፤ በመጨረሻም ሁለቱ እንደ አንድ ሆነው ይዞራሉ። በመንሸራተቱ ጊዜ የሚባክነው ኃይል ወደ ሙቀት ይለወጣል። ስለዚህ በግማሽ የተረገጠ ፍሪሲዮን ለመነሣት ለጥቂት ሴኮንዶች ብቻ የሚያገለግል መሸጋገሪያ እንጂ ማረፊያ አይደለም። ዳገት ላይ የቆመን መኪና በእጅ ፍሬን ፈንታ በግማሽ ፍሪሲዮን አንጠልጥሎ የሚይዝ ሾፌር ሸራውን ያቃጥላል፤ እግሩን ዘወትር በፔዳሉ ላይ የሚያሳርፍም ኩሽኔታውን ያለ ጊዜው ያስረጀዋል።

የማርሽ አለዋወጥም እንዲሁ ከእንቅስቃሴው ጀርባ ሂሳብ አለው። በአንድ ማርሽ ሞተሩ 2 ጊዜ ሲዞር የካምቢዮው መውጫ ዘንግ 1 ጊዜ ይዞራል፤ በሚቀጥለው ከፍተኛ ማርሽ ደግሞ ሞተሩ 1.4 ጊዜ ሲዞር ዘንጉ 1 ጊዜ ይዞራል እንበል። ሞተሩ በደቂቃ 2000 ዙር እየዞረ ሳለ ዘንጉ 1000 ዙር ላይ ነው። ሾፌሩ ማርሽ ሊጨምር ሲነሣ አዲሱ ማርሽ ከሞተሩ የሚጠይቀው 1400 ዙር ብቻ ስለሆነ፣ ሞተሩ በ600 ዙር እስኪቀንስ ድረስ መታገሥ አለበት። ማርሽ ሲቀንስ ነገሩ ይገለበጣል። በ1400 ዙር ላይ የነበረው ሞተር ወደ 2000 መውጣት ይኖርበታል፤ ይህም የሚሆነው ነዳጅ በመስጠት ነው።

ሲንክሮናይዘር በሌለው ካምቢዮ ይህን የማመጣጠን ሥራ የሚፈጽመው ሾፌሩ ራሱ ነው። ፍሪሲዮን ረግጦ ማርሹን ወደ ዜሮ ያወጣል፤ ፍሪሲዮኑን ይለቃል፤ የሚቀንስ ከሆነ ነዳጅ ሰጥቶ ዙሩን ያነሣል፤ ዳግመኛ ረግጦ ዝቅተኛውን ማርሽ ያስገባል። በአሁኑ ጊዜ በአብዛኞቹ ካምቢዮዎች ውስጥ ሲንክሮናይዘሩ የማመጣጠኑን ሥራ ይረከባል። ቢሆንም የሞተሩና የዘንጉ ፍጥነት እጅግ ተራርቆ ሳለ በጉልበት የሚገፋ ማርሽ ሲንክሮናይዘሩን በቶሎ ይበላዋል። የመኪናው ዐይነት የቱንም ያህል ቢለያይ ሁለት ፍጥነቶችን የማስታረቁ ሐሳብ አይለወጥም።

2. በትእዛዝ ማስተማር

የተለመደው ትምህርት በሦስት ቃላት ይጠቃለላል፤ ርገጥ፣ አስገባ፣ ልቀቅ። አሠልጣኙ ከጎን ተቀምጦ ያዛል፤ ለማጁ ይፈጽማል። ማርሹ ሲንጫጫ «ደህና አድርገህ ርገጥ» ይባላል፤ ሞተሩ ሲጠፋም «ቀስ ብለህ ልቀቅ» ይባላል። እነዚህ እርማቶች ሐሰት አይደሉም። ሆኖም ስሕተቱን እንጂ የስሕተቱን ምንጭ አይነኩም። ማርሹ የተንጫጨው ፔዳሉ እስከ መጨረሻ ስላልተረገጠ ሊሆን ይችላል፤ ዙሩ ሳይመጣጠን ስለ ተቸኮለም ሊሆን ይችላል። ለሁለቱ የተለያዩ ሕመሞች አንድ መድኃኒት የሚያዝ አሠልጣኝ ለማጁ ራሱን እንዲያርም አያስችለውም።

ፖል ፊትስና ማይክል ፖዝነር እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተሙት ጥናት የእጅና የእግር ሙያ በሦስት ደረጃዎች እንደሚያድግ አመልክተዋል። በመጀመሪያው ተማሪው ምን እንደሚደረግና ስለምን እንደሚደረግ በአእምሮው ይይዛል፤ በሁለተኛው እንቅስቃሴውን ከምልክቱ ጋር እያያያዘ ስሕተቱን ይቀንሳል፤ በሦስተኛው ሥራው ያለ ሐሳብ የሚከናወን ልማድ ይሆናል። በትእዛዝ የሚያስተምር አሠልጣኝ የመጀመሪያውን ደረጃ ዘልሎ ወደ ሦስተኛው ለመድረስ ይጣደፋል። ውጤቱም ልማድ ነው፤ ግን የሚመራው ምልክት የሌለው ልማድ ነው። የሞተሩ ድምፅ፣ የመሪው ንዝረት፣ የመኪናው አፍንጫ ጥቂት ከፍ ማለት፣ እነዚህ ሁሉ ለሠለጠነ ሾፌር ቋንቋ ናቸው። ለማጁ ግን የሚያዳምጠው የአሠልጣኙን ድምፅ ስለሆነ፣ አሠልጣኙ ከጋቢናው በወረደ ዕለት የሚያዳምጠው ነገር ያጣል።

በዚህ ላይ የቋንቋው ጉዳይ ይታከላል። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሽ፣ ኩሽኔታ የመሳሰሉት ቃላት ከጣሊያንኛ የተወረሱ፣ በጋራዡና በመንገዱ ላይ የሾፌሩ የዕለት ቃላት ናቸው። የሥልጠና ጽሑፎች አዘጋጆች እነዚህን ትተው አንዳንድ ጊዜ ማንም የማይናገራቸውን የትርጉም ቃላት ይመርጣሉ። ሠልጣኙም ለጽሑፍ ፈተና አንድ ቋንቋ፣ ለጋቢናው ሌላ ቋንቋ እንዲይዝ ይገደዳል። ሁለቱም ስለ አንድ ዕቃ እንደሚናገሩ ካልተገለጠለት የክፍሉ ትምህርት በክፍል ውስጥ ይቀራል።

3. ሜዳውና ፈተናው

የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 600/2000፣ በኋላም የተካው አዋጅ ቁጥር 1074/2010፣ ሥልጠናው በተቋም እንዲሰጥና ፈቃዱም በተሽከርካሪ ዐይነት እንዲለይ መደረጉን አጽንተዋል። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። በጋቢና ውስጥ በዘፈቀደ ይተላለፍ የነበረው ሙያ በሥርዓተ ትምህርት ሊመራ የሚችልበት በር ተከፍቷል። ሂሱ የሚነሣው በሩ መከፈቱን በመቃወም ሳይሆን፣ በበሩ የገባው ትምህርት ምን መልክ እንዳለው በመጠየቅ ነው።

የልምምዱ ሥፍራ በብዛት ደልዳላ ሜዳ ነው። መኪናው ባዶ ነው። ለማጁ በኮን ወይም በእንጨት በተከለለ ጠባብ ቦታ ወደ ኋላ ይነዳል፤ ይዞራል፤ ያቆማል። ይህ መሪን ለመቆጣጠር ጠቃሚ ልምምድ መሆኑ አይካድም። ስለ ፍሪሲዮንና ስለ ማርሽ የሚያስተምረው ግን እጅግ ጥቂት ነው። ባዶ መኪና በደልዳላ ሜዳ ላይ በስሕተት ለተለቀቀ ፍሪሲዮን እንኳ ይታዘዛል፤ በሁለተኛ ማርሽም ይነሣል። ፈተናውም በዚሁ ሜዳ ስለሚሰጥ አሠልጣኙ የሚፈተነውን ያስተምራል፤ የማይፈተነው ይዘለላል። ፈተና ሥርዓተ ትምህርትን እንደሚገዛ መምህራን ከየክፍላቸው የሚያውቁት ሐቅ ነው።

በመሆኑም ፈቃድ የያዘው ወጣት የመጀመሪያውን እውነተኛ ትምህርት የሚያገኘው በሥራ ላይ ይሆናል። ከቡሬ በቆሎ ጭኖ በሚነሣበት ቀን፣ ከዚያ በፊት ጭነት የያዘ መኪና በዳገት ላይ አስነሥቶ አያውቅ ይሆናል። በአነስተኛ የጭነት መኪና ተለማምዶ ከሆነም ዝቅተኛና ከፍተኛ ክፍል ያለው ባለ 10 ማርሽ ካምቢዮ እንግዳ ይሆንበታል። የትምህርቱን ዋጋ የሚከፍለው ያን ጊዜ የመኪናው ባለቤት በተቃጠለ ሸራ፣ ገበሬው በዘገየ ማዳበሪያ፣ ከሁሉም በላይ መንገደኛው በሕይወቱ ነው።

4. ረዳትነትና ትምህርት ቤቱ

ከማሠልጠኛ ተቋማት በፊት የነበረው፣ ዛሬም ጨርሶ ያልጠፋው ትምህርት ቤት ረዳትነት ነው። ረዳቱ መኪናውን ያጥባል፤ ጎማ ይፈታል፤ ዳገት ላይ ታኮ ያቀብላል፤ ሌሊት ጭነቱን ይጠብቃል። ዓመታት ካለፉ በኋላ በመናኸሪያ ውስጥ መኪናውን ጥቂት እንዲያንቀሳቅስ ይፈቀድለታል፤ ቀጥሎም በባዶ፣ ቀጥሎም በጭነት። በአገራችን ‹ኤንትሬ› በሚል ስም በሚታወቀው ፊያት ዘመን የነበሩ ሾፌሮች የወጡት ከዚህ ጎዳና ነው።

ይህን ልማድ ኋላ ቀር ነው ብሎ ማለፍ ተገቢ አይደለም። ጂን ሌቭና ኤትየን ዌንገር እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተሙት መጽሐፍ ስለ ላይቤርያ የልብስ ሰፊዎች ተለማማጅነት ሲያትቱ፣ ጀማሪው ቁልፍ በመትከልና ጠርዝ በመቀምቀም እንደሚጀምር፣ ጨርቅ የመቁረጥ ሥራ ግን ወደ መጨረሻ እንደሚሰጠው ገልጸዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቁልፍ ቢበላሽ ይፈታል፤ የተቆረጠ ጨርቅ ግን አይመለስም። ረዳቱም ታኮ በማቀበል የዳገትን ኃይል በእጁ ይማራል፤ መሪ ከመጨበጡ በፊት ጆሮው ከሞተሩ ድምፅ ጋር ይተዋወቃል። በጎጃም ለዘመናት የኖረው የቅኔ ጉባኤ ቤትም ይህንኑ ጥበብ ያውቃል። ተማሪው በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ በየደረጃው እየወጣ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ይደርሳል። ያደረውን ቅኔ በመምህሩ ፊት ይቀኛል፤ መምህሩም ጉድለቱን ከነምክንያቱ ይነግረዋል። ችግሩ ቀስ በቀስ ይከብዳል፤ እርማቱም ከምክንያት አይለይም።

ረዳትነት ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ይዟል። ክብደቱ ቀስ በቀስ ይጨምራል፤ ማብራሪያው ግን ይጎድላል። ነባሩ ሾፌር የሚያውቀውን ይሠራል እንጂ ስለምን እንደሚሠራ ላይናገር ይችላል። ከመልካሙ ጋር መጥፎውም ይወረሳል። ነዳጅ ለመቆጠብ በቁልቁለት ላይ ማርሽ ወደ ዜሮ ማውጣት ከዚህ ውርስ አንዱ ነው። በተጨማሪም ሌሊት በመኪና ላይ ማደርን የሚጠይቀው ይህ ጎዳና ለሴቶች ጨርሶ የተዘጋ ሊባል የሚችል ነው። ስለዚህ የትምህርት ዕቅድ አውጪው ምርጫ ከሁለቱ አንዱን መጣል አይደለም። የረዳትነትን ቅደም ተከተል ከተቋሙ ማብራሪያና ምዘና ጋር ማዋሐድ ነው።

5. የቁልቁለቱ ፈተና

ከፍኖተ ሰላም ወይም ከቡሬ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ሾፌር በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከል የዓባይን ሸለቆ መውረድና መውጣት ግዴታው ነው። መንገዱ በእያንዳንዱ ወገን ከ1000 ሜትር የበለጠ ከፍታ ይወርዳል። ጠቅላላ ክብደቱ 30 ቶን የሆነ መኪና 1000 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ወደ 294 ሚሊዮን ጁል ይደርሳል። ይህ 880 ሊትር ያህል ውሃን ከ20 ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ለማሞቅ የሚበቃ ኃይል ነው። ይህን ሁሉ የፍሬን ሸራና ታምቡር ብቻቸውን እንዲሸከሙ ከተተዉ ይግላሉ፤ የጋለ ሸራም የመያዝ ኃይሉን ያጣል። ሾፌሩ ፔዳሉን ቢረግጥም መኪናው አይታዘዝም።

መድኃኒቱ ሞተሩ ራሱ እንዲይዝ ማድረግ ነው። ዝቅተኛ ማርሽ ሲገባና ፍሪሲዮኑ ሲለቀቅ ጎማው ሞተሩን ለማዞር ስለሚገደድ ፍጥነቱ ይገታል፤ የጭስ ማውጫ ፍሬን ያለውም ይህንኑ ያግዛል። ፍሪሲዮን የረገጠ ወይም ማርሽ ወደ ዜሮ ያወጣ ሾፌር ግን ይህን ረዳት በገዛ እግሩና እጁ ያሰናብታል። ከዚያ በኋላ መጸጸት ላይጠቅም ይችላል። ቀደም ሲል የታየው ሂሳብ እንደሚያመለክተው፣ መኪናው በፈጠነ መጠን ዝቅተኛው ማርሽ ከሞተሩ የሚጠይቀው ዙር ከአቅሙ በላይ ይሆናል፤ ማርሹም አይገባም። ማርሽ የሚመረጠው ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ነው የሚባለው ስለዚህ ነው።

«በወጣህበት ማርሽ ውረድ» የሚለው የነባር ሾፌሮች ምክር ለዚሁ ተብሎ የተሰጠ ነው። ነገር ግን ይህ ምክር እንኳ ያለ ምክንያት ሲያዝ አደገኛ ሊሆን ይችላል። ሞተራቸው ብርቱ የሆነ የአሁኑ ዘመን መኪናዎች ዳገቱን በከፍተኛ ማርሽ ሊወጡት ይችላሉ፤ በዚያው ማርሽ መውረድ ግን ለፍሬኑ ከመጠን ያለፈ ሸክም ይተዋል። ምክንያቱን የሚያውቅ ሾፌር ምክሩን ከመኪናው ጋር ያስማማዋል፤ ቃሉን ብቻ የያዘ ግን ይሳሳታል። ትእዛዝን በመያዝና ምክንያትን በመረዳት መካከል ያለው ልዩነት በሕይወት የሚመነዘረው እዚህ ላይ ነው። ኅብረተሰቡ በአደጋ ብዛት ተማርሮ አይሱዙን «አልቃይዳ» የሚል ቅጽል እስከ መስጠት መድረሱ ይታወቃል። ወቀሳው ለመኪናው ተሰጠ፤ ስለ አሠለጣጠኑ ግን ያን ያህል አልተጠየቀም።

6. መደረግ የሚገባው

ከላይ ከተሰጠው ሂስ የሚከተሉት ሐሳቦች ይመነጫሉ።

ሀ) የመጀመሪያው ትምህርት በቆመ መኪናና በጋራዥ ይሁን። ጋራዦች የሚጥሉት የተቃጠለ ሸራና የተበላ የማርሽ ጥርስ ርካሽና አስተማሪ መሣሪያ ነው። ሠልጣኙ ያልተጎዳውንና የተቃጠለውን ጎን ለጎን ዳስሶ ልዩነቱን ይግለጽ።

ለ) ሁለተኛው ልምምድ ነዳጅ ሳይሰጡ በደልዳላ ቦታ ፍሪሲዮኑ የሚይዝበትን ነጥብ በእግር ማግኘት ይሁን። ቀጥሎ በእጅ ፍሬን እየታገዙ በዳገት ላይ መነሣት ይምጣ፤ መጀመሪያ በባዶ፣ ከዚያም በግማሽ ጭነት፣ በመጨረሻም በሙሉ ጭነት። ለጭነቱ አሸዋ ወይም ድንጋይ ይበቃል።

ሐ) የማርሽ አለዋወጥ በጆሮ ይለመድ። የዙር መቁጠሪያው ተሸፍኖ ሠልጣኙ በድምፅ ብቻ ዙሩን ይገምት፤ ከዚያም ተገልጦ ግምቱ ይታረም።

መ) በቁልቁለት አናት ላይ መኪናው ይቁም። ሠልጣኙ የሚመርጠውን ማርሽና ምክንያቱን በቃል ተናግሮ ሳያስረዳ አይውረድ። ፈተናውም ይህንኑ ይከተል፤ «ምን ታደርጋለህ» ከሚለው ጋር «ስለምን» የሚለው ይጠየቅ።

ሠ) የሂሳብና የፊዚክስ መምህራን የማርሽን ምጣኔና የቁልቁለትን ጉልበት ለምሳሌነት ይጠቀሙባቸው። የቡሬና የፍኖተ ሰላም ተማሪ ሲኖትራክን በየቀኑ ያየዋል፤ በመጽሐፉ ውስጥ ካለው እንግዳ ምሳሌ ይልቅ ይህ ይቀርበዋል።

በእነዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ሊነሡ ይችላሉ። የመጀመሪያው ወጪ ነው። ጭነት የያዘ መኪና ነዳጅ ይፈጃል፤ ለማጅም ሸራ ያቃጥላል። እውነት ነው። ግን ይኸው ወጪ ዛሬም ይከፈላል፤ የሚከፈለው ከተቋሙ ውጭ፣ በባለንብረቱና በመንገደኛው በመሆኑ ብቻ በመዝገብ አይታይም። ሰዓት በመጨመር ብቻም መፍትሔ አይገኝም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2022 ጀምሮ የሚሠራበት የአዲስ ከባድ መኪና አሽከርካሪዎች ሥልጠና ደንብ ዝቅተኛ የሰዓት መጠን አይወስንም፤ ሠልጣኙ እያንዳንዱን ተግባር በብቃት መፈጸሙን አሠልጣኙ እንዲያረጋግጥ ይጠይቃል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ማርሽ በራሱ የሚለውጥ መኪና እየተስፋፋ ስለሆነ ትምህርቱ ጊዜው ያልፍበታል የሚል ነው። በምዕራብ ጎጃም መንገዶች ላይ በእጅ የሚለወጥ ማርሽ ገና ብዙ ዓመት የሚያገለግል መሆኑ ብቻውን በቂ መልስ ነው። ከዚህም ባሻገር ራሱ የሚለውጠው ካምቢዮ ከፊት ያለውን ሸለቆ አያይም፤ ቁልቁለት ሳይጀመር ዝቅተኛ ማርሽ እንዲይዝ የሚያዝዘው ሾፌሩ ነው። ምክንያቱን የተማረ ሾፌር በአዲሱም መኪና ይጠቀምበታል፤ ሦስት ትእዛዝ ብቻ የተማረው ግን የሚረግጠው ፔዳል ሲጠፋ ትምህርቱም አብሮ ይጠፋበታል።

ማጠቃለያ

ተቋማዊው ሥልጠና ሕግ፣ መዝገብና የምስክር ወረቀት አስገኝቷል፤ ረዳትነት የነበረውን የክብደት ቅደም ተከተል ግን አልተረከበም፤ ረዳትነት ያልነበረውን ማብራሪያም ገና በሚገባ አልሰጠም። ሁለቱን ማሟላት አዲስ ሕንፃ ወይም ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። የሚጠይቀው አንድ ዳገት፣ አንድ ጭነት አሸዋ፣ አንድ የተቃጠለ ሸራና «ስለምን» ብሎ የሚጠይቅ አሠልጣኝ ነው። ዕቅድ አውጪዎች ከፈተናው ቢጀምሩ ይመረጣል። የመውጫ ፈተናው ጭነት በያዘ መኪና፣ በዳገትና በቁልቁለት ላይ እንዲሰጥ ከተወሰነ የአሠልጣኞቹ አሠራር ፈተናውን ተከትሎ ይለወጣል።